ከስልኩ ጀርባ ማን አለ?

በአሜሪካ የአመጋገብ መታወክ ያለባቸውን ሰዎች የሚረዳው ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 መጨረሻ «ቴሳ» የተሰኘውን ቻትቦት ከድረ ገጹ ላይ በጥድፊያ አነሳ። ቴሳ የተሠራው ስለ ሰውነታቸው ቅርጽ የሚጨነቁ ሰዎችን በጽሑፍ እያነጋገረ እንዲያረጋጋ ነበር። በአመጋገብ መታወክ ውስጥ ያለፈች አንዲት ተሟጋች ስትፈትሸው ግን ሌላ ነገር መከራት፦ በቀን ከ500 እስከ 1,000 ካሎሪ ቀንሺ፣ ክብደትሽንም በየሳምንቱ ተመዘኚ። ከምግብ ጋር ለተጣላ ሰው እንዲህ ያለ ምክር በሽታውን የሚቀሰቅስ ነው። ተሟጋቿ የሆነውን ሁሉ ይፋ ካደረገች በኋላ ቴሳ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ።

የሚያሳዝነው ቴሳ ከጅምሩ እንዲህ አልነበረም። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት የመጀመሪያው ቴሳ ባለሙያዎች ቀድመው ከጻፉለት ምላሽ ውጪ አይናገርም ነበር። ወደ 700 በሚጠጉ ወጣት ሴቶች ላይ ተሞክሮ ስለ ክብደታቸው የነበራቸውን ጭንቀት እንደቀነሰም ታይቷል። በኋላ ላይ ቴክኖሎጂውን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ራሱ ጽሑፍ የሚፈጥር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጨመረበት። ማኅበሩም በዚያው ሰሞን፣ ከ1999 ጀምሮ ሰዎች ተቀምጠው ሲመልሱበት የነበረውን የእርዳታ የስልክ መስመር ለመዝጋት ወስኖ ነበር። ማሽኑ ሲሳሳት ስህተቱን ያገኘችው ተጠቃሚዋ እንጂ ተቋሙ አልነበረም።

ነገሩ ከአንድ ማኅበር አልፎ ብዙ ቤት የሚያንኳኳ ነው። ድባቴን እናክማለን፣ ክብደትን እንቀንሳለን የሚሉ መተግበሪያዎች ዛሬ በማንኛውም ታዳጊ ስልክ ላይ በደቂቃ ይጫናሉ። ሁለቱም ችግሮች የተደራረቡበት ልጅ ደግሞ ስልኩን የሚከፍተው ብቻውን ሆኖ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት፣ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ። ስለዚህ ወላጅም፣ ሐኪምም፣ መንግሥትም ስለ እነዚህ መሣሪያዎች ሲነሳ አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ ከስልኩ ጀርባ ማን አለ?

ሁለቱ ሕመሞች ሲመጋገቡ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሰባት ታዳጊዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከ5 እስከ 19 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ከ390 ሚሊዮን በላይ ልጆችና ታዳጊዎች ክብደታቸው ከሚገባው በላይ እንደነበር፣ ከእነዚህም 160 ሚሊዮኑ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ደረጃ ላይ መድረሳቸውን አስታውቋል። በ1990 በዚህ የዕድሜ ክልል ካሉ 100 ልጆች ክብደታቸው የበዛው 8 ነበሩ። በ2022 ግን 20 ሆነዋል።

እነዚህ ሁለት አኃዞች አብዛኛውን ጊዜ የሚነገሩት ተለያይተው ነው። አንዱ የአእምሮ ጤና ቀን ሲከበር፣ ሌላው ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ሲወራ። በሰው ገላ ላይ ግን ተለያይተው አይኖሩም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ በ15 የረጅም ጊዜ ጥናቶች የተሳተፉ ከ58 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ መርምሮ ነበር። ውጤቱ ሁለት አቅጣጫ ያለው ሆነ፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለው ሰው ውሎ አድሮ በድባቴ የመያዝ ዕድሉ በ55 በመቶ ይጨምራል፤ ድባቴ ያለበት ሰው ደግሞ ከመጠን በላይ የመወፈር ዕድሉ በ58 በመቶ ይጨምራል።

እንዴት እንደሚመጋገቡ ለመረዳት የአንድን ታዳጊ ውሎ ማሰብ ይበቃል። ድባቴ እንቅልፉን ያዛባዋል፤ ሌሊት ይነቃል፣ ቀን ይደክመዋል፣ ኳስ ሜዳ መውረድ ይተዋል። ለአፍታም ቢሆን ስሜቱን ቀና የሚያደርግለት ጣፋጭና ቅባት የበዛበት ምግብ ይሆናል። ለአእምሮ ሕመም ከሚታዘዙ መድኃኒቶች መካከልም እንደ ኦላንዛፒን ያሉት የምግብ ፍላጎትን ይጨምራሉ። በሌላ በኩል ክብደቱ የጨመረ ልጅ በትምህርት ቤት ይሾፍበታል። ልብስ መግዛት ይጠላል፣ ፎቶ መነሳት ይሸሻል፣ ቀስ በቀስ ከጓደኞቹ ይርቃል። ብቸኝነቱ ድባቴውን ያከብደዋል፤ ድባቴውም መልሶ አልጋው ላይ ያውለዋል።

የኮቪድ ወረርሽኝ ይህን በግልጽ አሳይቷል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደዘገበው ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ወቅት የልጆችና የታዳጊዎች የክብደት ጭማሪ ፍጥነት ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እጥፍ ያህል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ደግሞ ራስን ለማጥፋት በመሞከር ተጠርጥረው ድንገተኛ ክፍል የገቡ ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጃገረዶች ቁጥር ከ2019 ተመሳሳይ ወቅት በ51 በመቶ በልጦ ተገኘ። የተዘጋው በር፣ የቀረው ጨዋታና የራቀው ጓደኛ አእምሮንም አካልንም አንድ ላይ ጎድተዋል።

ሕክምናው ግን እስካሁን የተከፋፈለ ነው። የክብደት ክሊኒኩ ስለ ሳህንና ስለ ስፖርት ይናገራል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው ስለ ስሜት ይጠይቃል፤ አንዱ የሌላውን መዝገብ እምብዛም አያይም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ባወጣው መመሪያ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለበት ከ12 ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ ሁሉ በየዓመቱ የድባቴ ምርመራ እንዲደረግለት የጠየቀው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው።

በጨዋታ ውስጥ የተቀመጠ ሕክምና

ዲጂታል ድጋፍ ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ከሰጡት አገሮች አንዷ ኒውዚላንድ ናት። በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የልጆች የአእምሮ ሐኪም ሳሊ ሜሪና ባልደረቦቻቸው «ስፓርክስ» የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠሩ። ታዳጊው የራሱን ገጸ ባሕርይ መርጦ በክፉ ሐሳቦች የተወረረችን ዓለም ነጻ ለማውጣት ይዘምታል። እየበረሩ የሚመጡት ትናንሽ ፍጥረታት «አትረባም»፣ «ማንም አይወድህም» የሚሉ ጨለምተኛ ሐሳቦች ናቸው፤ ተጫዋቹ እያንዳንዳቸውን ለይቶ ያወድማቸዋል። ሰባት ምዕራፎች አሉት። በእያንዳንዱ ምዕራፍ መጀመሪያና መጨረሻ አንድ መሪ ገጸ ባሕርይ ልጁን በቀጥታ እያነጋገረ የተማረውን ወደ ራሱ ሕይወት እንዲያመጣው ይረዳዋል፤ በሳምንቱ የሚሞክረውንም ሥራ ይሰጠዋል።

ከጨዋታው ሥር ያለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። አስተሳሰብን፣ ስሜትንና ድርጊትን አያይዞ የሚያክመው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ነው። ባለሙያ በየሳምንቱ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ የሚያስተምረው እዚህ በዘንዶና በበረዶ ተራራ መካከል ይማራል።

እ.ኤ.አ. በ2012 «ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል» ላይ የታተመው ሙከራ 187 ታዳጊዎችን ያካተተ ነበር። ግማሾቹ ስፓርክስን ተጫወቱ፤ ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና፣ በአብዛኛው ከሠለጠነ አማካሪ ጋር ፊት ለፊት መገናኘትን፣ አገኙ። ጨዋታው ከተለመደው ሕክምና እንደማያንስ ተረጋገጠ። ከድባቴው ሙሉ በሙሉ የወጡት ደግሞ በጨዋታው ቡድን 43.7 በመቶ፣ በሌላው 26.4 በመቶ ሆኑ። ከተጫዋቾቹ 60 በመቶ ያህሉ ሰባቱንም ምዕራፍ ጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የኒውዚላንድ መንግሥት ስፓርክስን ለአገሪቱ ወጣቶች በነጻ በድረ ገጽ አቀረበው።

በአሜሪካም ተስፋ የሚሰጥ ሌላ ሙከራ ተደርጓል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጄሲካ ሽላይደርና ባልደረቦቿ በወረርሽኙ ወቅት ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 16 የሆኑ የድባቴ ምልክት ያለባቸው 2,452 ታዳጊዎችን በማኅበራዊ ሚዲያ አማካይነት አሰባሰቡ። የሰጧቸው ነገር በጣም አጭር ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጅ የኦንላይን ትምህርት። አንዱ ዓይነት ሰው መለወጥ እንደሚችል ያስተምራል። ሌላው ደግሞ ስሜት እስኪስተካከል ሳይጠብቁ ትንሽ ነገር መሥራት መጀመር ስሜትን እንደሚያነሳ ያሳያል። ከሦስት ወር በኋላ ታዳጊዎቹ ሲጠየቁ ድባቴያቸው፣ ለንጽጽር ሌላ ዓይነት ትምህርት ከወሰዱት እኩዮቻቸው ይልቅ በመጠኑ ቀንሶ ተገኘ። የተስፋ መቁረጥ ስሜትም፣ ለክብደት ሲባል ራስን በረሃብ የመቅጣት ልማድም ቀነሰ።

ይህ የመጨረሻው ግኝት ልብ ሊባል ይገባል። ትምህርቱ ስለ ምግብም ሆነ ስለ ሚዛን ምንም አላዘዘም። ስሜቱ ሲቀና ልጁ ከሳህኑ ጋር ያለው ግንኙነትም አብሮ ተሻሽሏል።

ሚዛኑን ያስቀደመው መተግበሪያ

በተቃራኒው መንገድ የሄደው «ከርቦ» ነው። በክብደት ቅነሳ ንግድ የሚታወቀው ዌይት ዎቸርስ፣ በዚያን ጊዜ ስሙ ደብሊው ደብሊው፣ ይህን መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 17 ለሆኑ ልጆች አቀረበ። ልጁ የበላውን ይመዘግባል፤ መተግበሪያውም ምግቡን እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ብሎ ይለያል። ወዲያው የአመጋገብ መታወክ ባለሙያዎችና ወላጆች ተቃውሞ አነሡ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም መተግበሪያው እንዲነሳ የሚጠይቅ አቤቱታ ፈረሙ። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኩባንያው ከ13 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ መረጃ ሰብስቧል ብሎ 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል፣ የሰበሰበውን እንዲሰርዝ፣ በመረጃው የሠራውን ቀመርም እንዲያጠፋ አስደረገው።

የትራፊክ መብራቱ ሐሳብ ግን ራሱ ክፉ አይደለም። መነሻው የአሜሪካዊው ተመራማሪ ሌናርድ ኤፕስታይን ሥራ ሲሆን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲጠና የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የአሥር ዓመት ክትትላቸው በልጆች ክብደት ሕክምና ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። ከወላጃቸው ጋር አብረው የታከሙት ልጆች ከአሥር ዓመት በኋላም ሲጀምሩ ከነበሩበት የክብደት ደረጃ ዝቅ ብለው ተገኙ። የንጽጽር ቡድኑ ልጆች ደረጃ ግን ከፍ ብሎ ነበር።

ኤፕስታይን የሠሩት በቤተሰብ ነው። እናትም አባትም የራሳቸውን ምግብ ይመዘግቡ ነበር፤ ሁሉም ከባለሙያ ጋር ይገናኙ ነበር፤ ልጅ መልካም ሲያደርግ እንዴት እንደሚመሰገንም ወላጅ ይማር ነበር። ቀለሞቹ ወደ ስልክ ሲሻገሩ ይህ ሁሉ ወላጅና ባለሙያ በመንገድ ላይ ቀርቶ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ «ቀይ» ከሚል ማያ ገጽ ጋር ብቻውን የሚቀመጥበት ዕድል ተፈጠረ። ከርቦ የሚከፈልበት አሠልጣኝ ቢያቀርብም ሳምንታዊ አጭር የቪዲዮ ንግግር ቤተሰብን አይተካም።

ጥብቅ የአመጋገብ ቁጥጥር በታዳጊዎች ላይ የሚያመጣው ጣጣም በደንብ የታወቀ ነው። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የዳያን ኒውማርክ ስታይነር ቡድን ታዳጊዎችን ለዓመታት ተከታትሎ እንዳሳየው ለመክሳት ራሳቸውን ከምግብ የሚከለክሉ ታዳጊዎች ከአምስት ዓመት በኋላ ከሌሎቹ የበለጠ የመወፈር፣ ምግብ አግበስብሶ የመብላትና የአመጋገብ መታወክ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ድባቴ ያለበት ልጅ ላይ ይህ እጥፍ ይከብዳል። በየማለዳው የሚወጣበት ሚዛን «ተሸንፈሃል» የሚለውን የውስጥ ድምፅ በቁጥር ያረጋግጥለታል።

የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪሞች መመሪያ የሚመክረው ሕክምናም ሰው የበዛበት ነው፤ ከሦስት እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት መገናኘት፣ ቤተሰብን ያካተተ። ይህን ያህል ሰዓት መስጠት የሚችል ክሊኒክ ጥቂት ነው። ስልኩ ሊያግዝ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ያለውን ረጅም ሳምንት ሊሞላ፣ የተማሩትን ሊያስታውስ፣ እንቅልፍንና ስሜትን ሊመዘግብ፣ ልጁ ዛሬ ከቤት ወጥቶ መሄዱን ሊጠይቅ ይችላል። 26ቱን ሰዓታት ራሴ ልተካ ሲል ግን ከርቦ የወደቀበት ቦታ ይወድቃል።

ከወር በኋላ ስንቱ ቀረ?

በሙከራ ውጤትና በዕለት ተዕለት አጠቃቀም መካከል ትልቅ ገደል አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት 93 የአእምሮ ጤና መተግበሪያዎችን በእውነተኛ ተጠቃሚዎች ዘንድ ተከታትሎ ነበር። መተግበሪያዎቹ በተጫኑ በ30ኛው ቀን አሁንም የሚከፍቷቸው ተጠቃሚዎች መካከለኛ ድርሻ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በዚያው ዘመን፣ በስፓርክስ ሥራ በተሳተፈችው ቴሬሳ ፍሌሚንግ መሪነት የተዘጋጀ ሌላ ግምገማ ለድባቴና ለጭንቀት የተሠሩ የራስ አገዝ ዲጂታል ፕሮግራሞችን ከሙከራ ውጪ ሲመለከት ፕሮግራሙን እስከ መጨረሻው የተከተሉት ከ0.5 እስከ 28.6 በመቶ እንደነበሩ አሳይቷል።

ልዩነቱን የፈጠረው በአብዛኛው ሰው ነው። በሙከራ ውስጥ ያለ ታዳጊ የሚደውልለት ተመራማሪ አለው፤ የት ደረስክ የሚለው አለ። በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ዴቪድ ሞር እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን በንድፈ ሐሳብ ደረጃ አስቀምጦታል። ሰዎች ዲጂታል ፕሮግራምን የሚጨርሱት የሚያምኑት፣ በጎ እንደሚያስብላቸው የሚያውቁት፣ ምን እንደሚጠብቅባቸው ግልጽ ያደረገላቸው ሰው ሲኖር ነው። ብዙ ሰዓት አይፈልግም። በሳምንት አሥር ደቂቃ የሚደውል ነርስ ወይም የትምህርት ቤት አማካሪ ብዙ ይለውጣል።

ብሪታንያ የራሷን ሥርዓት አበጅታለች። የአገሪቱን የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ እ.ኤ.አ. በ2019 ቀላል ድባቴ ላለባቸው ታዳጊዎች ዲጂታል ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒን ከመጀመሪያ አማራጮች ተርታ አስገባ። መካከለኛና ከባድ ድባቴ ላለበት ታዳጊ ግን መጀመሪያ የሚመከረው ከባለሙያ ጋር በግል የሚደረግ ሕክምና ነው። ይህ ድንበር ትክክል ነው። ከባድ ድባቴ ያለበትን ልጅ በመተግበሪያ መሸኘት ያለ ሕክምና ከመተው ብዙም አይለይም።

አሁን ደግሞ ድንበሩን የሚያፈርስ ነገር መጥቷል። ኮመን ሴንስ ሚዲያ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው የዳሰሳ ጥናት ከ13 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ ታዳጊዎች 72 በመቶ የሚሆኑት እንደ ጓደኛ የሚያወራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቢያንስ አንድ ጊዜ ተጠቅመዋል። በካሊፎርኒያ ራሱን ያጠፋ የ16 ዓመት ልጅ ወላጆችም በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነውን ኩባንያ ከሰሱ። ኩባንያው በቀጣዩ ወር ለወላጆች የመቆጣጠሪያ አማራጭ አቀረበ። በስታንፎርድ ተመራማሪ የነበረችው አሊሰን ዳርሲ የመሠረተችው፣ ባለሙያዎች በጻፉት ምላሽ ብቻ የሚያወራው «ዎቦት» ደግሞ በዚሁ 2025 በጁን መጨረሻ መተግበሪያውን ዘጋ። ጥንቃቄ የተደረገበት መሣሪያ ከገበያ ሲወጣ፣ ለሕክምና ያልተሠራው በሚሊዮኖች ስልክ ላይ ቀረ።

በአሜሪካና በጀርመን ለድባቴ የተፈቀዱ ዲጂታል ሕክምናዎችም ቢሆኑ በአብዛኛው ታዳጊውን አልደረሱበትም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2024 ለድባቴ የፈቀደው የመጀመሪያው በሐኪም የሚታዘዝ መተግበሪያ ከ22 ዓመት ጀምሮ ላሉ አዋቂዎች ነው። ጀርመን የጤና መድን የሚከፍልላቸውን መተግበሪያዎች ከ2020 ጀምራ ብትመዘግብም ለድባቴ የተፈቀደው «ዴፕሬክሲስ» ከ18 ዓመት በታች ላለ አይታዘዝም። በእነዚህ አገሮች ያለ የ15 ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ማንም ያልመረመረውን ነው።

ወደ ኢትዮጵያውያን ቤት ሲመጣ

በኢትዮጵያውያን ዘንድ «ወፍረሻል!» የሰላምታ አካል ነው። ለቀደመው ትውልድ ጤናንና ድሎትን የሚያመለክት መልካም ቃል ነበር፤ ዛሬም ብዙ እናቶችና አክስቶች በፍቅር ይሉታል። ሲያትል ወይም አዲስ አበባ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ቀጫጭን አካላትን ስታይ የዋለች የ14 ዓመት ልጅ ግን በሰርግ አዳራሽ፣ በዘመድ ሁሉ ፊት ስትሰማው የምትሰማው ሌላ ነው። ድባቴም እንዲሁ በቤት ውስጥ ስሙ ይለወጣል፤ ስንፍና፣ ጥጋብ፣ የስልክ ሱስ ይባላል፤ ወይም ጸበልና ጸሎት ብቻ ይበቃዋል ይባላል። እምነት ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ከሐኪም ጋር አብሮ ሊሄድም ይችላል።

ካሎሪ የሚቆጥር መተግበሪያ በእነዚህ ቤቶች የሚገጥመው ሌላ እንቅፋት አለ። ምግብ የሚበላው ከአንድ መሶብ ነው። ስንት ቁራሽ እንጀራ፣ ስንት ጭልፋ ወጥ የእያንዳንዱ ድርሻ እንደሆነ አይለካም፤ ጉርሻውም አይመዘገብም። ልጁ ብቻውን ሳህን ይዞ ጥግ ቢቀመጥ ደግሞ የመገለል ስሜቱ ይብሳል። ኤፕስታይን ከአሥርተ ዓመታት በፊት ያሳዩት የቤተሰብ ሕክምና ለዚህ ማዕድ የበለጠ የሚስማማውም በዚህ ምክንያት ነው። የሚለወጠው የመሶቡ ይዘት፣ ለስላሳ መጠጡና የእራት ሰዓቱ ይሆናል፤ ልጁ ለብቻው አይለይም።

የውጭውን ፕሮግራም እንዳለ ገልብጦ ማምጣትም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶ የሚሆኑት ከሚገባው በታች የቀጠኑ ሲሆኑ ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የሆነው 8 በመቶ ነበሩ። በአንድ አገር ሁለቱም ችግሮች ጎን ለጎን ሲኖሩ «ቀንስ» ብቻ የሚል መሣሪያ ለብዙዎች አደጋ ነው። መነሻ የሚሆን ነገር ግን አለ። ድባቴን ለመለየት በዓለም ላይ የሚሠራበት ባለዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በአዲስ አበባ ሆስፒታል በአዋቂ ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። የአማኑኤል ሆስፒታል ባለሙያዎች የአሥርተ ዓመታት ልምድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት የመግባት እምነት አትርፈዋል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ደግሞ ሊያውቁት የሚገባ መብት አለ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለባቸው፤ ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ልጁን ራሱን አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድም። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። አንድ ታዳጊ ስለ ራሱ ድባቴ ሐኪሙ የተናገረውን ለእናቱ እንዲተረጉም ሲደረግ ግማሹን ይውጠዋል። የትኛውም መተግበሪያ ያንን ግማሽ መልሶ አያመጣውም።

ወላጅ የሚጠይቀው

ልጁ ስልክ ላይ የአእምሮ ጤና ወይም የክብደት መተግበሪያ ያየ ወላጅ መሣሪያውን ከመንጠቁ በፊት ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ጥቂት ነገሮችን ቢመረምር ይበጃል። ልጄ የሚጽፈውን የሚያነብ ባለሙያ አለ? መኖር አልፈልግም ብሎ ቢጽፍ ምን ይከተላል? መተግበሪያው መመዘንና ካሎሪ መቁጠርን ያስቀድማል ወይስ እንቅልፍን፣ እንቅስቃሴንና ስሜትን? የሰበሰበው መረጃ ለማን ይሸጣል? የአሜሪካ ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ቤተርሄልፕ የተባለውን የኦንላይን ምክር ኩባንያ የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ድርጅቶች አሳልፏል ብሎ 7.8 ሚሊዮን ዶላር ማስከፈሉን ያወቀ ይህን ጥያቄ አያልፈውም።

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው መተግበሪያ ድባቴና ውፍረት ለተደራረበበት ልጅ አይሆንም። መልስ ያለው ከሆነ፣ በየሳምንቱ የሚጠይቅ ሰው ከተጨመረበት፣ ቤተሰቡም ማዕዱን አብሮ ከለወጠ ግን ሊረዳ እንደሚችል የኒውዚላንድና የአሜሪካ ሙከራዎች ተስፋ ይሰጣሉ። በአዲስ አበባ ያሉ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ለዚህ ሥራ ቢነሱ መጀመር ያለባቸው ከትምህርት ቤት አማካሪውና ከጤና ጣቢያው ነርስ ጋር ነው፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎቹ ቋንቋዎች፣ ዳታ በማይበላ አጭር መልእክትም ቢሆን።

ታዳጊው ስለ ሞት ወይም ራሱን ስለ መጉዳት መናገር ከጀመረ ደግሞ ምንም ዓይነት መተግበሪያ አይጠበቅም። ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ። በአሜሪካ ያለ ቤተሰብ 988 ላይ ደውሎ አስተርጓሚ ይጠይቅ። ከዚያ በፊት ላለው ረጅም ጊዜ ግን እናት፣ አባት፣ አክስትና አጎት ሁሉ ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር አለ። ልጁ ሲመጣ ስለ ክብደቱ ከመናገር ይልቅ እንዴት እንደሰነበተ ይጠይቁት፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ያድምጡት።